ቤት የሚያስገነባ ሁሉ አሠሪ ነው

ሶሌታ በሚሞላበት ቀን በግ ማረድ በከተሞቻችን የተለመደ ነው። ደግ ልማድ ነው፤ ይቀጥል። ግን በዚያው ቀን ወደ መወጣጫው ቀና ያለ ሰው የሚያየው ሌላ ነው፦ አጣናው በሚስማርና በአሮጌ ሽቦ ተያይዟል፤ ጫፉ ያልታሰረ ጣውላ ተጋድሞበታል፤ ነጠላ ጫማ ያደረገች ልጅ ከጓደኛዋ ጋር አርማታ የሞላ ባሬላ ይዛ ትወጣለች። ጠርዙ ላይ መከለያ የለም። ለበጉ ብር የተገኘበት ቤት ለገመድ አልተገኘበትም።

ሰው ሲወድቅ ከባለቤቱ አፍ መጀመሪያ የሚወጣው «የቀጠረው ፎርማኑ ነው» የሚል ነው። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ግን አሠሪ የሚለው ድርጅትን ብቻ አይደለም፤ አንድ ሰው የቀጠረ ግለሰብም አሠሪ ነው። ውሉ በጽሑፍ አለመሆኑ ሠራተኛውን መብቱን አያሳጣውም። በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ደግሞ አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም ኃላፊ ነው። ነፃ የሚወጣው ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ ነው፤ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ መጣስና ሰክሮ ሥራ መግባትም ከዚሁ ይቆጠራሉ። መመሪያም ገመድም ያልሰጠ ባለቤት ይህን መከራከሪያ ከየት ያመጣዋል?

ሥራውን በራሱ ኃላፊነት ለሚሠራ፣ ሠራተኞቹን ራሱ ለሚቀጥርና ለሚያዝ ተቋራጭ የሰጠ ሰው ጉዳይ በእርግጥ ይለያል። አስቸጋሪው በየሰፈሩ «የእጅ ዋጋ» የምንለው ነው። ሲሚንቶና ፌሮ የሚገዛው ባለቤቱ፣ ቅዳሜ የሚከፍለው ባለቤቱ፣ «ዛሬ ይሞላ» የሚለውም ባለቤቱ። እንዲህ እያዘዙ «ኮንትራክተሩን ጠይቁ» ማለት አያዋጣም። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ ሆናችሁ በወንድም በእህት የምታስገነቡም «እኔ አገር ውስጥ አልነበርኩም» ብላችሁ አታመልጡም፤ ወኪላችሁ የሚቀጥረው በእናንተ ስም ነው።

በቀን 500 ብር እየተከፈለው በወር 26 ቀን የሚሠራ ሰው ጨርሶ መሥራት እንዳይችል ሆኖ ቢጎዳ፣ ካሳው የ5 ዓመት ደመወዙ ነው፤ በግርድፉ 780,000 ብር። ሕክምናው ለብቻው ነው። ለጊዜው ከሥራ ቢውል እንኳ ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ 3 ወራት ከ75 በመቶ፣ ከዚያ ለ6 ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ ይከፈለዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ይህን የሚጠይቅ የለም። ልጁ ከገጠር የመጣ ነው፤ ዘመድ የለውም፣ ሕጉንም አያውቅም። ለካርድና ለትራንስፖርት ጥቂት ብር ይሰጠዋል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወደ አገሩ ይሸኛል። እኔ ይህን እርቅ አልለውም።

ስለዚህ ቤት የምታስገነቡ ሁሉ የሠራተኞቻችሁን ስምና የቤተሰብ ስልክ መዝግቡ። ለከፍታ ሥራ ቀበቶና ቆብ ግዙ፤ መግዛት ካቃታችሁ ተከራዩ። የእድር ዳኞች፣ ድንኳንና ወንበር በጋራ እንደገዛን ሁሉ ለአባላት የሚዋስ ጥቂት ቀበቶና ቆብ መግዛትን በሚቀጥለው ስብሰባ አንሱ። በሽምግልና የምትቀመጡም ከእርቁ በፊት ለተጎጂው ሕጉ የሚሰጠውን ንገሩት። ጎረቤትም የላላ መወጣጫ እያየ ዝም አይበል። በዚህ ሳምንት ሶሌታ ለመሙላት ቀን የቆረጣችሁ ካላችሁ፣ የጠርዙ መከለያ ሳይታሰር ሚክሰሩ እንዳይነሣ።