መታሠር የሚገባው አደጋው ነው እንጂ ልጁ አይደለም

አንድ ሕዝብ ስለ ነገ ያለውን አሳብ ለማወቅ የሚፈልግ ሰው፥ ያ ሕዝብ ልጆቹን እንዴት እንደሚጠብቃቸው ቢመረምር ብዙ ነገር ይረዳል። ልጅ ብቻውን ምን ያኽል ርቆ ይሄዳል? ሲሄድስ ማን ያየዋል? አደጋ ቢደርስበት ተጠያቂው ማነው? የእነዚህ ጥያቄዎች መልስ በአያቶቻችን፥ በአባቶቻችንና በዛሬዎቹ ልጆች ዘመን አንድ ሆኖ አልቈየም። ለውጡ ቀስ በቀስ የመጣ ስለሆነ ግን፥ ምን እንዳተረፍንበትና ምን እንዳጣንበት ቆም ብለን የመረመርነው ጥቂት ነው። ስለዚህም ጉዳዩ ሕዝብን በሚያስተዳድሩና ሕዝብን በሚያስተምሩ ሰዎች ዘንድ ሊታሰብበት የሚገባ መሆኑን ለማመልከት እንወዳለን።

በአያቶቻችን ዘመን በገጠር የተወለደ ወንድ ልጅ ስድስት ወይም ሰባት ዓመት ሲሞላው ጥጃና ፍየል እየነዳ ወደ መስክ ይወርድ ነበር። ጧት ከቤት ወጥቶ ፀሐይ ስትጠልቅ እስኪመለስ ድረስ ወንዝ የሚሻገረው፥ ዛፍ የሚወጣው፥ ከጓደኞቹ ጋራ ተጣልቶ የሚታረቀው በራሱ ፈቃድ ነበር። ለትምህርት የተሰጠውም ልጅ እንዲሁ ነው። ፊደል ቈጥሮ ዳዊት ከደገመ በኋላ፥ ደበሎውን ለብሶ አኩፋዳውን አንግቦ ዱላውን ይዞ፥ ዜማ ወይም ቅኔ የሚያስተምር መምህር ወዳለበት ሀገር ይሻገራል፤ አባትና እናቱ ሳያውቁ ሌሊት የሚጠፋም ብዙ ነበር። በማያውቀው ደጃፍ ቆሞ ሲለምን ውሻውን በዱላ እየመከተ፥ ከባልንጀሮቹ ጋራ በሠራት ጎጆ እያደረ፥ ሰው የመሆንን ነገር ከትምህርቱ ጋራ አንድ ላይ ይማር ነበር። ከሊቃውንቶቻችን ብዙዎቹ ይህን መንገድ በልጅነታቸው በእግራቸው የሄዱ ስለሆኑ፥ ከእኛ ይልቅ እነርሱ ያውቁታል።

ይህ ነፃነት ጠባቂ የሌለው አልነበረም። ጠባቂው ግን አጥርና መዝጊያ ሳይሆን የሰው ዐይን ነበር። ማንም ትልቅ ሰው አንድን ልጅ ሲያጠፋ ቢያገኘው፥ የማን ልጅ እንደሆነ ጠይቆ የመገሠጽ፥ ቢራብ የማጉረስ፥ ቢመሽበት የማሳደር ሥልጣንም ግዴታም ነበረው። ከሰው ዐይን ያመለጠውን ደግሞ ተረቱ ይጠብቀው ነበር፤ የአያ ጅቦ ወሬ ልጅ ከመሸ በኋላ ከደጅ እንዳይርቅ ያደርግ ነበርና። እናትም ከቡዳ ይጠብቅልኛል ስትል በልጇ አንገት ክታብ ታንጠለጥል ነበር። የዛሬ ሰው ክታቡን ቢንቅ፥ ክታቡን ያሠረውን የእናት ሥጋት ግን ሊንቀው አይገባም፤ ልጇን የሚነጥቃት ነገር በእውነት ብዙ ነበር።

ስለሆነም ያለፈውን ዘመን ሁሉ ገነት አድርጎ መቍጠር አይገባም። ፈንጣጣና ኩፍኝ ያን ጊዜ ከየቤቱ ግብር እንደሚሰበስብ ጭቃ ሹም ነበሩ። ፈንጣጣ በኢትዮጵያ ምድር ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ሲሆን፥ ሕፃናትን የመከተብ ሥራ በመንግሥት ፕሮግራም የተጀመረው በ1972 ዓ.ም. ነው። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፥ በሕይወት ከተወለዱ 1000 ሕፃናት መካከል አምስት ዓመት ሳይሞላቸው የሚሞቱት 166 ነበሩ፤ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ግን ይኸው ቍጥር ወደ 67 ወርዷል። ነፃነቱም ቢሆን በአብዛኛው የወንድ ልጅ ነፃነት ነበር። ሴቲቱ ልጅ ውሃ ከመቅዳትና ከመፍጨት ተርፋ ሳትጫወት ለባል ትሰጥ ነበር። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለሴት የጋብቻን ዕድሜ 15 ዓመት ሲያደርግ፥ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ለሁለቱም 18 አድርጎታል፤ በ1997 ዓ.ም. የጸናው የወንጀል ሕግም ያለ ዕድሜ የሚፈጸመውን ጋብቻ በወንጀል ያስቀጣል። ክትባቱም ሕጉም የዚህ ዘመን ትርፍ ነውና፥ የሚመለስ ልብ ያለው ሰው ወደ ቀድሞው ተመለሱ ብሎ አይመክርም።

ነገር ግን አዲሱ ዘመን አሮጌውን አደጋ በአንድ በር ሲያስወጣ፥ በሌላው በር ሌላ አደጋ አስገብቷል። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያው አውቶሞቢል አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ እንደ ተአምር ተመለከተው። ዛሬ በዓለም ሁሉ በመንገድ አደጋ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ወደ 1 ሚሊዮን 190 ሺህ እንደሚደርስ የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያወጣው መግለጫ ያስረዳል፤ ከ5 እስከ 29 ዓመት ላሉት ልጆችና ወጣቶች ደግሞ ከማናቸውም በሽታ ይልቅ ቀዳሚው የሞት ምክንያት ይኸው ነው። በአዲስ አበባ በመኪና አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው።

ከተማይቱ በ1976 ዓ.ም. ሲቈጠር 1 ሚሊዮን 400 ሺህ ያኽል ሕዝብ ነበራት፤ በ1999 ዓ.ም. ግን ከ2 ሚሊዮን 700 ሺህ በላይ ሆኗል። በዚያ በፊተኛው ጊዜ የሰፈሩ መንገድ የልጆች ሜዳ ነበር። ብይና የጨርቅ ኳስ፥ ድብብቆሽና ሰኞ ማክሰኞ የሚጫወቱት በዚያው ነው፤ የሚያያቸውም ከየደጃፉ የተቀመጠው ጎረቤት ነው። ዛሬ ያ መንገድ የአውቶሞቢል መተላለፊያ ሆኗል። ከጋራ መኖሪያ ቤቶች መካከል ለልጅ የተተወው ስፍራ በብዙ ቦታ የመኪና ማቆሚያ ሆኖ ይታያል። ለከተማይቱ መታደስ ሲባል ከፒያሳና ከካዛንቺስ የተነሡት ነዋሪዎችም አዲስ ቤት ቢያገኙ፥ ለብዙ ዓመት የተላመደው የጎረቤት ዐይን አብሮ እንዲሄድ አልተደረገም።

ይህን የሚያይ ወላጅ በሩን ቢዘጋ ማን ይፈርድበታል? መኪናውን ይፈራል፤ ልጅን የሚያታልልና የሚደፍር ክፉ ሰውንም ይፈራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። ስለዚህ አቅም ያለው ሰው ልጁን ከግቢው በመኪና አስወጥቶ ወደ ሌላ ግቢ በመኪና ያስገባዋል። ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ ጓደኛው የእጅ ስልክ ይሆናል። በአጥሩ ዘሎ የማይገባው እንግዳ ሰው በዚያች ስልክ በኩል እንደሚገባ ግን ብዙ ወላጅ አያስተውልም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ባወጣው መመሪያ፥ ዕድሜያቸው ከ1 እስከ 4 ዓመት የሆኑ ሕፃናት በቀን ከ180 ደቂቃ ያላነሰ እየተንቀሳቀሱ ሊጫወቱ እንደሚገባ፥ ከ2 እስከ 4 ዓመት ያሉትም በምስል መስታወት ፊት ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳይቀመጡ መክሯል። በሁለት ክፍል ቤት የተዘጋበት ሕፃን ይህን ከየት ያገኛል?

አቅም የሌለው ሰው ልጅ ደግሞ አሁንም በእግሩ ይሄዳል። ሰፊውን አስፋልት ብቻውን ይሻገራል፤ ከመንገድ ዳር ጫማ ይጠርጋል፤ በቆሙት መኪናዎች መካከል ማስቲካ ያዞራል። ስለዚህ በአንድ ከተማ ሁለት ዓይነት ልጅ አለ፤ አንደኛው ጥበቃ አግኝቶ ነፃነት ያጣ፥ ሁለተኛው ነፃነት የሚመስል ነገር አግኝቶ ጥበቃ ያጣ። አያቱ ሁለቱንም በመጠኑ ነበሩት።

ይህ ነገር በእኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። በእንግሊዝ ሀገር ሜየር ሂልማን የተባለው ተመራማሪ ከባልደረቦቹ ጋራ ባደረገው ጥናት፥ ዕድሜያቸው 7 እና 8 ዓመት ከሆኑት ልጆች ያለ ትልቅ ሰው ወደ ትምህርት ቤት የሚሄዱት በ1971 ከመቶው 80 የነበሩ ሲሆን፥ በ1990 ከመቶው 9 ብቻ ሆነው ተገኙ። በዚያው ጊዜ በመንገድ የሚሞቱ ልጆች ቍጥር ቀንሶ ነበርና፥ መንግሥት መንገዱ ደኅና ሆነ ብሎ ሊመካ ይችል ነበር። ተመራማሪዎቹ ግን መንገዱ አደገኛነቱን እንዳልተወ፥ የተቀነሰው በመንገዱ ላይ የሚገኘው ልጅ እንደሆነ አሳዩ። ወንዝ አዞው ሳይወጣለት ሕፃናት መዋኘት ስለተዉ ብቻ ደኅና ሆነ አይባልም።

የሆላንድ ሰዎች ግን ሌላ መንገድ መረጡ። በ1971 በዚያች ትንሽ ሀገር በመንገድ አደጋ ከ3000 የሚበልጥ ሰው ሲሞት፥ ከ400 የሚበልጡት ልጆች ነበሩ። በማግሥቱ ዓመት፥ ሴት ልጁን በመኪና አደጋ ያጣ አንድ ጋዜጠኛ “የሕፃናቱ ግድያ ይቁም” የሚል ጽሑፍ አወጣ፤ በዚያው ስም የወላጆች ማኅበር ተቋቋመ። ወላጆቹ ከልጆቻቸው ጋራ በየመንገዱ እየወጡ አቤት አሉ። መንግሥታቸውም ሰማ፤ በ1976 መኪና በእግረኛ እርምጃ ፍጥነት ብቻ የሚያልፍበት፥ ልጆች በመንገዱ መካከል ሊጫወቱ የሚፈቀድላቸው የሰፈር መንገድ በሕግ ታወቀ፤ ለብስክሌትም የተለየ መንገድ በየከተማው ተዘረጋ። መኪናው እጅግ ቢበዛም፥ ከ2004 ወዲህ በዚያች ሀገር በመንገድ አደጋ በየዓመቱ የሚሞተው ሰው ከ1000 በታች ሆኗል፤ ልጆቻቸውም እስከ ዛሬ በብስክሌት ብቻቸውን ወደ ትምህርት ቤት ይሄዳሉ። አንደኛው ሀገር ልጁን ከአደጋው አሸሸ፤ ሌላው አደጋውን ከልጁ አሸሸ።

የትኛው የቀና እንደሆነ ለመፍረድ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በኦሪት ዘዳግም ቤት የሠራ ሰው በሰገነቱ ዙሪያ መከታ እንዲያደርግ፥ ሰው ወድቆ ቢሞት ደሙ በቤቱ ላይ እንደሚሆን መታዘዙን ካህናቶቻችን ያውቃሉ። ትእዛዙ የተሰጠው ለሚወድቀው ሰው ሳይሆን ለሠራው ሰው ነው። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ሕጉን ገልብጠን እንገኛለን። ሕፃኑን ግራና ቀኝ አይተህ ተሻገር እያልን እናስተምረዋለን፤ በአንዳንድ ትምህርት ቤት ደጃፍም መኪና እንዲያስቆም የምናሰማራው ራሱን ተማሪውን ነው። ትምህርቱ መልካም ነው፤ ነገር ግን ቁመቱ ከቆመ መኪና ለማይበልጥ፥ የሚመጣውን ፍጥነት ለመገመት አእምሮው ገና ላልበሰለ ልጅ፥ ያዋቂን ሸክም ማሸከም ፍትሕ አይደለም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ መኪና የሚመታበት ኀይል 30 ኪሎ ሜትር ከሚሮጠው ሦስት እጥፍ ሊሞላ ጥቂት የቀረው ነው። በ2020 በስቶክሆልም የተሰበሰቡት መንግሥታት እግረኛና መኪና በሚቀላቀሉበት ስፍራ ፍጥነቱ ከ30 እንዳያልፍ ያሳሰቡት ስለዚህ ነው።

በሀገራችንም መልካም ጅማሬ አለ። በ2011 ዓ.ም. “መንገድ ለሰው” በሚል ስም መንገድን ለአንድ ቀን ለእግረኛ የመተው ልማድ ተጀመረ፤ በዚያች ቀን ኳስ ይዘው አስፋልቱን የሞሉት ልጆች ስፍራ ማጣታቸውን ያለ አቤቱታ ጽሑፍ አስረድተዋል። በ2016 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተጀመረው የኮሪደር ሥራም ሰፊ የእግረኛ መንገድ፥ የብስክሌት መሥመርና የልጆች መጫወቻ አክሏል። የቀረው ሥራ ይህ ከዋናው ጎዳና ወደ ውስጠኛው ሰፈርና ወደ ክልል ከተሞች እንዲገባ ማድረግ ነው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዲሉ፥ የፍጥነት መገደቢያ ጉብታ የሚሠራው ልጅ ከሞተ በኋላ መሆን የለበትም። የትምህርት ቤት ፈቃድ ሲሰጥ የደጃፉ መንገድ አብሮ ቢመረመር፥ የመኖሪያ ቤት ፕላን ሲጸድቅ የልጆቹ ስፍራ ከመኪናው ስፍራ ቢቀድም፥ ነዋሪ ሲዛወር ጎረቤት ከጎረቤቱ ሳይለያይ ቢሰፍር፥ ወጪው ትንሽ፥ ትርፉ ብዙ ነው።

ካህናትም ድርሻ አላቸው። ቤተ ሰብ ሁሉ የንስሓ አባቱን ይሰማልና፥ በሰፈር ውስጥ መኪና ማክነፍ ኀጢአት መሆኑን፥ የጎረቤትን ልጅ እያዩ ዝም ማለትም እንዲሁ መሆኑን ማስተማር ይችላሉ። ብዙ ዛፍና ጥላ የቀረው በየቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ነውና፥ ሥርዓቱ በሚፈቅደው ሰዓትና ስፍራ ልጆች ባዋቂ ዐይን ሥር የሚውሉበት ቢሆን፥ የአያቶቻችን ዘመን መልካሙ ነገር በከፊል ይመለሳል።

ልጅ በዕድሉ ያድጋል የሚለው አባባል የተነገረው ሰው በሽታንና አውሬን ለመከልከል አቅም ባልነበረው ጊዜ ነው። ፈንጣጣን ያስወገደ ትውልድ ግን በዚያ አባባል ሊጠለል አይችልም። የመኪናን ፍጥነት የሚወስነው፥ መንገዱን የሚሠራው፥ ፈቃዱን የሚሰጠው ሰው ነውና፥ የልጁም ዕድል በሰው እጅ ነው።