የመርዶው ቀን

አያቴ የታላቅ ወንድሟን ሙት ዓመት ትቆጥር የነበረው መርዶ ከተነገራት ቀን ጀምራ ነው። የሞተበትን ቀን የነገራት የለም። ከኦጋዴን የተረፈ ባልንጀራው በ1928 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ጎህ ሳይቀድ መጥቶ በር አንኳኳ፤ አርባውም ሰማንያውም ከዚያች ዕለት ተቆጠረ። እሷን እስክታረጅ ያንገበግባት የነበረው ግን ሌላ ነው። እሱ ከሞተ በኋላ ስንት ጊዜ መንገደኛ ፈልጋ በሶ ልካለት ይሆን?

ሹመት አልነበረውም። የክተት አዋጁ መስከረም 22 ቀን ሲታወጅ ጠመንጃውን ከተሰቀለበት አወረደ፤ ስንቁን ቋጠረና ባቡር ተሳፍሮ ድሬዳዋ ለገሃር ወረደ። ከዚያ ሐረር፣ ከሐረር ጅጅጋ፣ ከጅጅጋ ደጋሐቡር። ወሬው እዚያ ላይ ያበቃል። እኛ ቤት ስለ እሱ የሚታወቀው አራት የቦታ ስም ነው።

ዛሬ ድሬዳዋ ከዚራ ሰፈር ውስጥ የምኖር ሰው ነኝና በለገሃር በር ሳላልፍ የምውልበት ቀን ጥቂት ነው። ባለፍኩ ቁጥርም ስንቱ በዚህ ወርዶ አልተመለሰም እላለሁ። የጣሊያኑ ጄኔራል የግራዚያኒ ጦር ከሶማሊያ ተነሥቶ የሚመኘው ሐረርንና ይህን የባቡር መስመር ነበር። ሊያቆመው የተሰለፈው የደጃዝማች ነሲቡ ዘአማኑኤል ሠራዊት አውሮፕላን ከላይ ቦምብና የመርዝ ጋዝ ሲያዘንብበት መጠለያ በማይበዛበት ሜዳ ላይ ነበር። በሚያዝያ አጋማሽ የሠራዊቱ ምሽግ ተሰበረ። ግንቦት 1 ቀን ከደቡብ የመጣው የጣሊያን ጦር ከአዲስ አበባ በባቡር ከወረደው ጋር ድሬዳዋ ላይ ተገናኘ። የአያቴ ወንድም ከወረደ ስምንት ወር እንኳ አልሞላም።

የአለቆቹን አሟሟት እናውቃለን፤ ማወቃችንም ተገቢ ነው። ቆራሔን ይጠብቅ የነበረው ግራዝማች አፈወርቅ ወልደሰማያት ቆስሎ ስፍራዬን አልለቅም ብሎ መሞቱን፣ ንጉሠ ነገሥቱም ከሞተ በኋላ ደጃዝማች እንዳሉት ተጽፏል። ደጃዝማች ነሲቡ በጥቅምት 1929 ዓ.ም. በስዊዘርላንድ፣ ዳቮስ እንዳረፉ ተጽፏል። ከእነሱ ኋላ ስለተሰለፈው ሰው ያለን ግን ቁጥር ነው። መንግሥታችን ከጦርነቱ በኋላ ለዓለም ባቀረበው ሒሳብ በውጊያ ላይ የሞቱት ወታደሮች 275,000 ናቸው። ይህን ቁጥር ሳይ ዓይኔ የሚያርፈው መጨረሻው ላይ ባሉት ሦስት ዜሮዎች ነው። ሰው በስም ተቆጥሮ እንዲህ ሙሉ ሆኖ አይወጣም።

ከአያቴ ወንድም ፊት የተሰለፉትም ጣሊያኖች ብቻ አልነበሩም። የሊቢያ ክፍለ ጦር ነበረ፤ ዱባት የሚባሉት ሶማሌዎችም ነበሩ። አገራቸውን በያዘባቸው ሰው ትእዛዝ የሌላውን አገር ሊይዙ የመጡ ድሆች ናቸው። አገሩን ለመጠበቅ ከሞተው ጋር እኩል ናቸው አልልም፤ ልቤም አይቀበለውም። ነገር ግን ትሪፖሊ ወይም ሞቃዲሾ ውስጥ እንደ አያቴ ቀን የጠፋባት እህት እንደነበረች አልጠራጠርም።

መጋቢት 20 ለዚህ አካባቢ የተለየ ቀን ነው። በ1928 ሐረር በአውሮፕላን የተደበደበችው በዚህ ቀን ነው። ልክ በአምስት ዓመቱ፣ መጋቢት 20 ቀን 1933፣ የደቡብ አፍሪካ ወታደሮች ድሬዳዋ ገቡ፤ የጣሊያን አገዛዝም በከተማዋ አበቃ። ከዚያ በፊት በነበሩት ቀናት ጅጅጋንና ሐረርን ያስለቀቁት ናይጄሪያውያን ነበሩ፤ ከሞቃዲሾ ተነሥተው ከአንድ ሺህ ኪሎ ሜትር በላይ በረሃ አቋርጠው። እኛን ነፃ ያወጡት ሰዎች ራሳቸው ነፃ የወጡት ከዚያ 19 ዓመት በኋላ ነው። በዚህ ዘመቻ የወደቁ የእንግሊዝ ጦር ሰዎች ያረፉበት የጦርነት መቃብር እዚሁ ድሬዳዋ አለ። ይህን የማያውቅ የከተማችን ልጅ ብዙ ነው።

እነዚህን መቃብሮች የሚጠብቀው ኮሚሽን መመሪያው ሟችን በማዕረግና በዘር አለመለየት ነው። ሆኖም በሚያዝያ 2013 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት፣ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከሞቱት አፍሪካውያንና የመካከለኛው ምሥራቅ ሰዎች መካከል ቢያንስ 116,000 የሚሆኑት በስም እንዳልተዘከሩ፣ ጨርሶ ያልታሰቡም እንዳሉ አምኖ ይቅርታ ጠይቋል። ከመቶ ዓመት በኋላ ማመን ከቻለ፣ እኛ ስለ ራሳችን ሰዎች ምን እስክንሆን እንጠብቃለን?

የምጠይቀው ከባድ ነገር አይደለም። ሐውልት ይቁም አላልኩም። ለገሃር ግቢ ውስጥ አንድ ግድግዳ ይሰጠንና ከዚህ ጣቢያ ወርደው ያልተመለሱት ስማቸው ይጻፍበት። መዝገብ የለም እንደምትሉኝ አውቃለሁ። መዝገቡ በየቤታችን ነው ያለው። ካህኑ ለፍትሐት የጠራው የክርስትና ስም፣ ከመስጊድ ሲወጡ ዱዓ የሚደረግለት አባት ስም፣ በአንድ ሽማግሌ አፍ ላይ የቀረ የፈረስ ስም። ግማሽ ስም የያዘ ግማሹን ያጽፍ። የሞተበት ቀን ለማይታወቅ የመርዶው ቀን ይጻፍለት። እነዚያን ሽማግሌዎች ግን በየሳምንቱ እየቀበርናቸው ነው።

አያቴ ካረፈች ቆየች። ሐምሌ በመጣ ቁጥር ዳቦ የምትደፋው እናቴ ናት። የአጎቷን መልክ አታውቀውም፤ ፎቶግራፍም የለውም። አምና «እኔ ስሄድ ይህን ቀን ማን ይይዘዋል?» ስትለኝ ደብተር አምጥቼ አጠገቧ ተቀመጥኩ። ስሙን፣ ያባቱን ስም፣ ከዚያ አራቱን ቦታዎች ጻፍኩ። እሷ ፊደል ስለማትለይ ጣቴን ይዛ የትኛው መስመር ላይ እንዳለ አሳየኝ አለችኝ።