የመስከረም ሙቀት ስለ ምን በኅዳር ይበርዳል?



ይህች አነስተኛ አስተያየቴ ለመሰሎቼ የመንግሥት ሠራተኞች ትጠቅም ይሆናል ብዬ ስለ ገመትሁ፣ በአንባቢያን ዓምድ ላይ እንድትወጣልኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እንደሚታወቀው መስከረም በጠባ ቍጥር በየመሥሪያ ቤታችን ብዙ ዕቅድ ይሰማል። አንዱ የማታ ትምህርት እጀምራለሁ ይላል፤ ሁለተኛው ከደመወዙ እየቈረጠ ሊያጠራቅም ይምላል፤ ሦስተኛው ሲጋራን እርም ይላል። በምዝገባ ሰሞን የማታ ትምህርት ቤቱ በር በሰው ይጨናነቃል። ኅዳር ሲገባ ግን ክፍሉ ይሳሳል፤ በጥር ወር መምህሩ ከባዶ ወንበር ጋራ ይነጋገራል። ይህን የምጽፈው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ከባዶዎቹ ወንበሮች አንዱ የእኔ ነበርና።

የሒሳብ አያያዝ በማታ ለመማር ሦስት ጊዜ ተመዝግቤአለሁ። በመጀመሪያው ጊዜ አዲስ ደብተር ገዝቼ፣ እስከ እኩለ ሌሊት እያመሸሁ አጠና ነበር። ሁለት ወር ያህል እንደ ሄድሁ የታክሲው ሰልፍና የወር መጨረሻው ሥራ አደከመኝ። ዛሬን ልረፍና ነገ እሄዳለሁ አልሁ፤ ያ ነገ ሳይመጣ ዓመቱ አለቀ። በሁለተኛው ጊዜ፣ እፍረት ይይዘኛል ብዬ ለወዳጅ ዘመዱ ሁሉ አወራሁ። ሰዎቹም ገና ሳልጀምር «ጐበዝ፣ በርታ» እያሉ አመሰገኑኝ። ምስጋናውን አስቀድሜ ስለ በላሁት ለድካሙ የተረፈኝ ነገር አልነበረም፤ በታኅሣሥ አቋረጥሁ።

አንድ ማታ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ የሆነችውን ልጄን ለምን አታጠኚም ብዬ ስቈጣት፣ ቀና ብላ «አባባ፣ ያንተስ ደብተር የት ገባ?» አለችኝ። የምመልሰው ቃል አጣሁ። ልጄን በደመወዜ አስተምራት ይሆናል፤ የጀመሩትን መጨረስን ግን ካላየችብኝ ከማን ትማረዋለች?

በዚያ ሌሊት ራሴን መረመርሁ። ሰነፍ ነኝ እንዳልል፣ በእቁቤ አሥር ዓመት ሙሉ አንድ ሳምንት አላጐደልሁም። ዕጣዬን ካወጣሁ በኋላ እንኳ እስከ መጨረሻው እከፍላለሁ። ዳኛው «ዛሬ ለመክፈል ልብህ ፈቅዷል ወይ?» ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ቀኑ የታወቀ ነው፤ መጠኑ የታወቀ ነው፤ ዋስ አለ፤ የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ። ትምህርቴን ግን በየቀኑ ከልቤ ፈቃድ ላይ አንጠልጥዬው ኖሬአለሁ። የልብ ፈቃድ ደግሞ እንደ አየር ጠባይ ነው፤ ይመጣል፣ ይሄዳል።

ስለዚህ በሦስተኛው ጊዜ ከሁለት የሥራ ባልደረቦቼ ጋራ እንደ እቁብ ያለ ውል ገባን። ክፍል በሌለባቸው ቀኖች ከሥራ በኋላ ከ11 ሰዓት ተኩል ጀምረን አንድ ሰዓት አብረን እናጠናለን። ያለ ምክንያት የቀረ 20 ብር ከሣጥን ይጥላል። የደከመው ሰው አንዲት ገጽ ብቻ አንብቦ ይሂድ፤ ነገር ግን ሳይመጣ አይቅር። አንድ ቀን የቀረ ሰው ሁለተኛውን ቀን እንዳይደግም ሌሎቹ ይቀሰቅሱታል። ትምህርቱን መተው የሚፈልግም ቢኖር በደከመበት ማታ አይወስንም፤ የወሰነ ትምህርቱ እስኪያልቅ ጠብቆ፣ ፈተናውን ተፈትኖ፣ በቀን ብርሃን ይወስናል።

ይህ የመጨረሻው ሕግ ከሁሉ በለጠ። ከሦስታችን አንዱ እናቱ ታመው ማስታመም ግድ ስለ ሆነበት፣ መንፈቁ ሲያልቅ አሳውቆን አቆመ። እኛም መርቀን አሰናበትነው። በአሳብ መተውና ሳያውቁት መቅረት የተለያዩ ነገሮች ናቸውና። እኔና ሁለተኛው ወዳጄ ግን በአራተኛው ዓመት ጨረስን። የምስክር ወረቀቴን ያየችው ልጄ ሳቀች እንጂ ምንም አላለችም።

አንዳንድ ሰው «እንደ ሻምበል አበበ ቢቂላ ያለ ወኔ ያስፈልጋል» ይላል። እውነት ነው፤ አበበ በአዲሱ ዓመት ዋዜማ፣ ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም. በሮማ በባዶ እግሩ ሮጦ አሸነፈ። ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ገና ሁለት ወር ሳይሞላው፣ ጥቅምት 11 ቀን 1957 ዓ.ም. በቶኪዮ ደገመው። ነገር ግን ይህ ወኔ ብቻውን አልቆመም። አበበ የክቡር ዘበኛ ወታደር ነበር፤ ስዊድናዊው አሠልጣኝ ኦኒ ኒስካነንም ከጎኑ ነበሩ። ጀግናው እንኳ የልምምድ ሥርዓትና ጠባቂ ካስፈለገው፣ ለእኛ ለጸሐፊዎቹና ለመዝገብ ቤት ሠራተኞቹ ምን ያህል ያስፈልገን ይሆን?

«ቀስ በቀስ ዕንቍላል በእግሩ ይሄዳል» ይባላል። ቀስ የሚለውን ሁላችንም እንወደዋለን፤ በቀስ የሚለው፣ ማለት ሳያቋርጡ መደጋገሙ፣ ነው የሚከብደን።

በመጨረሻ ለየመሥሪያ ቤቱ አስተዳደር አንድ ልመና አለኝ። ለማታ ተማሪ ሠራተኞች አንዲት ክፍል እስከ ምሽቱ 2 ሰዓት መብራቷ ሳይጠፋ ክፍት ብትሆን ወጪው ጥቂት ነው። እኛን በሥራ ሰዓት ያዩን ዘበኛ ክፍላችንን ዘግተው ሲያስወጡን፣ በደረጃው ላይ ቆመን ያጠናንበት ማታ ብዙ ነው። ሠራተኛው የሚማረው ተመልሶ ለዚያው መሥሪያ ቤት ነውና ይታሰብበት።



አንድ የሒሳብ ክፍል ሠራተኛ
ከአዲስ አበባ