ጩኸት የበዛበት፣ ቃል የጠፋበት ሳሎን

«ሆም ቴአትር» የሚለውን ስም ያወጡት ነጋዴዎች ቴአትር ሲሉ ሲኒማ ማለታቸው እንደ ነበረ ይገባኛል። በእኛ ጆሮ ግን ቴአትር ሌላ ነገር ነው። ቴአትር ሲባል መድረክ፣ ተዋናይ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ንግግር ነው ትዝ የሚለን። ተመልካቹ ከአዳራሹ ወጥቶ በመንገድ ላይ የሚደግመው ያየውን ብቻ ሳይሆን የሰማውን ነው። እንግዲያው «የቤት ቴአትር» ተብሎ ከሳሎናችን የገባ ዕቃ ከሌላው ሁሉ የሚያስቀድመው አንድ ሥራ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ፤ ቃልን ማሰማት። በብዙ ቤቶች የማየው ግን ተቃራኒውን ነው። የቡፌው መስታወት ይንቀጠቀጣል፣ ወለሉ ይርዳል፣ ተዋናዩ ምን እንደተናገረ ግን የሰማ የለም።

ዕቃውን ለማያውቅ አንባቢ ባጭሩ ላስተዋውቅ። ከካርቶኑ ሲወጣ አምስት ድምፅ ማጉያዎችና አንድ ከባድ ሳጥን ይገኛሉ። «አምስት ነጥብ አንድ» የሚባለው ለዚህ ነው፤ ነጥብ አንዱ ወፍራሙን ድምፅ፣ ልጆች «ቤዝ» የሚሉትን ብቻ የሚያወጣው ሳጥን ነው። ከአምስቱ ሦስቱ ከፊት፣ ሁለቱ ከአድማጩ ግራና ቀኝ ጥቂት ወደ ኋላ ብለው ይቆማሉ። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት ስለዚሁ ባወጣው ምክረ ሐሳብ የፊት ግራና ቀኙ ከመሐሉ መስመር በ30 ዲግሪ፣ የኋለኞቹ ደግሞ ከ100 እስከ 120 ዲግሪ ባለው ውስጥ እንዲቆሙ ይመክራል። ሥዕሉን ልብ ብላችሁ እዩት። ክቡ አንድ እምብርት አለው፤ በእምብርቱም ላይ አንድ ሰው ተቀምጧል።

እኔና ሥዕሉ የምንለያየው እዚህ ላይ ነው።

የእኛ ሳሎን እምብርት ላይ ሰው አይቀመጥበትም። እምብርቱ ላይ ያለው ጠረጴዛው ነው፤ በበዓል ቀን ደግሞ ቄጠማውና ረከቦቱ። ሰው የሚቀመጠው ግድግዳውን ተከትሎ፣ ፊቱን ወደ ወንድሙ ፊት አድርጎ ነው። ሶፋው ከሦስት ወገን ይከባል፤ ከበሩ አጠገብ አንድ ሁለት ተጨማሪ ወንበር ይደረጋል፤ ልጆች ምንጣፍ ላይ ይሆናሉ። ይህ አቀማመጥ በዘፈቀደ የመጣ አይደለም። ሽማግሌ የሚላክበት፣ ለቅሶ የሚደረስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት ክፍል ይኸው ነው፤ ሰው ፊት ለፊት ሳይተያይ ደግሞ ከእነዚህ አንዱም አይሆንም። የፋብሪካው መመሪያ ግን ሁሉም ፊቱን ወደ አንድ ግድግዳ እንዲያዞር ይፈልጋል። በቅርብ ዓመታት በጎበኘኋቸው አንዳንድ ቤቶች ሶፋው ተሰልፎ እንደ አውቶቡስ ወንበር ሆኗል። ቡና ሲቀርብ እርስ በርስ ለመተያየት አንገት መጠምዘዝ ግድ ይላል።

ድምፅ ሰውን ከየአቅጣጫው ሲከብ ማዳመጥ ለእኛ ባዕድ ነው አልልም። ማኅሌት የቆመ ሁሉ ያውቀዋል። መዘምራኑ በግራና በቀኝ ተከፍለው እየተቀባበሉ ያዜማሉ፤ የየወገኑ አለቆች ማዕረግ እንኳ «ቀኝ ጌታ» እና «ግራ ጌታ» ይባላል። ከበሮው ከመሐል ሆኖ ደረትን ይመታል። ከሲኒማ ቤቶች እጅግ ቀድመን ዙሪያ መለስ ድምፅ ነበረን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ነገር ግን በዚያ ክብ ውስጥ «ትክክለኛው ወንበር» የሚባል የለም፤ የቆመው ሁሉ የክቡ አካል ነው።

አሁን ወደ ጆሮ ሥራ ልግባ። ድምፅ በሰከንድ 343 ሜትር ያህል ይጓዛል፤ አንድ ሜትር ለመሄድ ወደ 3 ሺኛ ሰከንድ ይፈጅበታል ማለት ነው። ይህ ለሰው ኢምንት ይመስላል፤ ለጆሮ ግን ብዙ ነው። ጀርመናዊው ሄልሙት ሃስ እ.ኤ.አ. በ1949 በጥናት ጽሑፉ ከመረመራቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ነበር። አንድ ዓይነት ድምፅ ከሁለት ቦታ ሲመጣ ጆሮ ቀድሞ የደረሰውን ያምናል፤ ድምፁ ሁሉ ከዚያ ወገን ብቻ የመጣ ያህል ይቆጥረዋል። ስለዚህ ሁለት ድምፅ ማጉያ ባለው ቤት ከመሐል የተቀመጠ ሰው ተዋናይዋ ከስክሪኑ መካከል ስትናገር ይሰማል፤ ወደ ግራው አንድ ሜትር ፈቀቅ ብሎ የተቀመጠው ግን ከግራው ሳጥን ውስጥ ሆና የምትናገር ትመስለዋለች። የመሐሉ ድምፅ ማጉያ ትልቅ ጥቅም ይህን ማቃናት ነው፤ ንግግሩን ከስክሪኑ ጋር አስሮ ያቆየዋል። መሐል ለተቀመጠውማ ብዙም አያስፈልገውም ነበር። የመሐሉ ድምፅ ማጉያ የሚያገለግለው ከሁሉ ይልቅ መሐል ያልተቀመጡትን ነው።

እኛስ ይህን ዕቃ የት ነው የምናደርገው? ቡፌ ውስጥ፣ ከብርጭቆዎቹ ኋላ፣ አንዳንዴም ዳንቴል አልብሰን። ከስድስቱ ሁሉ ትንሽና መልከ ጥፉ ስለሆነ ይደበቃል። የቤዙ ሳጥን ግን ግዙፍና አንጸባራቂ ነውና እንግዳ በሚያየው ማዕዘን ይቆማል። አፍ ተሸፍኖ ሆድ ሲገለጥ ማለት ይህ ነው።

የአክስቴ ልጆች ባለፈው ዓመት እንዲህ ያለ ዕቃ ገዝተው በሳሎኗ ተከሉላት። አክስቴ ሰባ ዓመት አልፏታል፤ ወንበሯ ከበሩ አጠገብ ነው፤ ጓዳውንም በሩንም ከዚያ ሆና ትጠብቃለች። ዕቃው ከገባ በኋላ ድራማው ሲጀምር እየተነሳች ወደ ጓዳ መግባት አበዛች። ልጆቿ ድራማ ሰለቻት አሉ። አንድ እሑድ ሄጄ ብጠይቃት «ሰዎቹ ይጮኻሉ እንጂ አይናገሩም» አለችኝ። ከዚህ የተሻለ የባለሙያ አስተያየት እስካሁን አልገጠመኝም። የመሐሉን ድምፅ ማጉያ ከቡፌው አውጥተን ከቴሌቪዥኑ ሥር ጫፍ ላይ አደረግነው፤ ፊቱን ቀና አድርገን ወደ ጆሮ ከፍታ አዞርነው፤ በሪሞቱ ድምፁን በጥቂት ዴሲቤል ከፍ አድርገን የቤዙን ዝቅ አደረግነው። አንድ ሳንቲም አላወጣንም። አክስቴ ያን ምሽት ከወንበሯ ሳትነሳ ከድራማው ሰውዬ ጋር ስትከራከር አመሸች።

ይህን የምለው ለአረጋውያን ርኅራኄ እንዲኖር ለመስበክ ብቻ አይደለም። ጉዳዩ የቋንቋችን ጉዳይ ነው። ሰው ዕድሜው ሲገፋ አስቀድሞ የሚከዳው ቀጭኑን ድምፅ የመስማት ኃይል ነው፤ ተነባቢዎች ደግሞ አብዛኛው መለያቸው በዚያ በቀጭኑ ወገን ነው ያለው። ወፍራሙ ድምፅ ሲበረታ ቀጭኑን ይውጠዋል። በአማርኛ «መጣ» እና «መታ» የሚለያዩት በአንዲት ፈንጂ ድምፅ ነው። ያቺ ድምፅ በቤዝ ከተዋጠች አድማጩ ሰውዬው መምጣቱን ይስማ መማታቱን አያውቅም፤ ሌላ ድራማ ያያል ማለት ነው።

ከዚህም የረቀቀ አለ። ፊደላችን መጥበቅና መላላትን አይጽፍም፤ የምናውቀው በጆሮ ነው። «አለ» ሲላላ ተናገረ ነው፤ ሲጠብቅ መኖሩን ይነግረናል። «ገና» ሲላላ ያልደረሰ ነገር ነው፤ ሲጠብቅ በዓል ነው። ልዩነቱ ድምፁ በሚቆይበት የጊዜ ርዝመት ላይ ነው። እንግዲህ ወለሉ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ ሰፊ መስታወት የሆነ ሳሎን አስቡ። አንድ ቃል ከተነገረ በኋላ እየነጠረ አንድ ሰከንድ ያህል ሊቆይ ይችላል፤ ተናጋሪው በዚያ ጊዜ ውስጥ አራት አምስት ቀለም አልፏል። የላላው በማሚቶ ይረዝማል፣ የጠበቀው ይደበዝዛል፣ አንዱ ቀለም በሌላው ላይ ይተኛል። ሰምና ወርቅ በዚህ ክፍል ውስጥ ሲነገር ሰሙም ወርቁም አንድ ላይ ቀልጠው ይፈሳሉ። ኅብረ ቃል በመጥበቅና በመላላት መካከል፣ በአንዲት ትንፋሽ ማቋረጥ ላይ የሚቆም ነገር ነውና።

ስለዚህ ሌላ ሳጥን ከመግዛት አስቀድሞ ምንጣፍ ይገዛ እላለሁ። ከባድ መጋረጃ ይሰቀል። ከሁሉ የምወደው ግን የመጽሐፍ መደርደሪያ ነው። ከፍና ዝቅ፣ ወጣና ገባ ብለው የተደረደሩ መጻሕፍት ድምፁን በከፊል ይውጡታል፣ በከፊል ይበትኑታል፤ እንደ ባዶ ግድግዳ አንጥረው አይመልሱትም። (መጻሕፍት ሳይነበቡ እንኳ የሚሰጡት ጥቅም ይህ ብቻ ሳይሆን አይቀርም፤ ሳሎኑን በመጻሕፍት ያስጌጠ ሁሉ ይህን ማመካኛ ሊጠቀምበት ይችላል።)

የቤዙ ነገር ግን በምንጣፍም በመጽሐፍም አይገታም። በሰከንድ 40 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ የማዕበሉ ርዝመት 8.5 ሜትር ገደማ ነው፤ ከብዙዎቻችን ሳሎን ይበልጣል። አራት ሜትር ርዝመት ባለው ክፍል ውስጥ ወደ 43 የሚጠጋው ርግብግቢት በሁለቱ ግድግዳ መካከል ተይዞ ይጠራቀማል፤ ከግድግዳው አጠገብ የተቀመጠውን ሲያጥለቀልቀው ከመሐል ያለው እምብዛም አይሰማውም። ሳጥኑ ማዕዘን ላይ ሲሆን ይብሳል። ባለቤቱም ከመሐል ተቀምጦ «ቤዙ አነሰ» እያለ ይጨምራል፤ ግድግዳው አጠገብ ያሉት ይሰቃያሉ። ከግድግዳው ወዲያ ማዶ ያለው ጎረቤት ደግሞ ከፊልሙ የሚደርሰው ይኸው ብቻ ነው። በኮንዶሚኒየም የኖረ ያውቀዋል። የጎረቤቴን ፊልም ታሪኩን አላውቀውም፤ ፍንዳታውን ግን አንድ በአንድ ልቆጥርላችሁ እችላለሁ።

በሰፈራችን ጎረቤት ሐዘን ሲደርስበት ሬዲዮ ይዘጋ ነበር። ዛሬም ይህን የሚያደርጉ ቤቶች አሉ። ዛሬ ግን በላይኛው ፎቅ ሐዘን መድረሱን ለማወቅ አስቀድሞ የላይኛውን ፎቅ ጩኸት መስማት ይጠይቃል፤ የራስህ ሳሎን ሲያገሳ ደግሞ የሌላው ልቅሶ አይሰማም። በዚህ ላይ ብዙ አልጨምርም።

ወጣቶች ይህን ስናገር ደስታ ጠል ያደርጉኛል። ተሳስተዋል። የእግር ኳስ ጨዋታ ላይ የተመልካቹ ሆታ ከኋላ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ በፊልም ውስጥ ዝናብ ሲዘንብ የቤቴ ጣራ መስሎኝ ቀና ብዬ አውቃለሁ። ጥበቡም ክቡር ነው። እንግሊዛዊው አለን ብለምላይን እ.ኤ.አ. በ1931 ለስቴሪዮ ድምፅ የፈጠራ መብት ሲያመለክት የተነሳው፣ እንደሚነገረው፣ በሲኒማ ቤት ተዋናዩ ከስክሪኑ ወዲህና ወዲያ ሲሄድ ድምፁ ግን ከአንድ ቦታ መምጣቱ ስላስቸገረው ነው። መነሻው የተናጋሪ ሰው ድምፅ ነበር ማለት ነው። የእኔም ክርክር ይኸው ነው። ከሰው ድምፅ የተነሳ ጥበብ ሄሊኮፕተር ለማዞር ብቻ ሲውል ቅር ይለኛል።

ወጋየሁ ንጋቱ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን በሬዲዮ ሲተርክ ስንቱ ቤት የሰማው በአንዲት ድምፅ ማጉያ ነበር። ከኋላ የሚመጣ ንፋስ፣ ከጎን የሚያልፍ ፈረስ አልነበረም። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻን ያላየ አድማጭ አልነበረም። ሁሉም ቃል ይሰማ ነበርና የቀረውን አድማጩ ራሱ ይሞላው ነበር። ያንን ትረካ ዛሬ ከስድስቱ ሳጥን በአንዱ፣ በመሐሉ ብቻ ከፍቶ መስማት ይቻላል፤ ሞክሩት።

ገንዘብ አነስ ላለውም የምመክረው ከዚህ የሚከተል ነው። በአንድ ጊዜ ስድስት ርካሽ ሳጥን ከመሸመት ሁለት ደኅና የፊት ድምፅ ማጉያ ይገዛ፤ ቀጥሎ የመሐሉ፤ ከዚያ ምንጣፉ ይታሰብ፤ ቤዙ በኋላ ይምጣ፤ የኋለኞቹ ሁለቱ መጨረሻ ላይ ቢመጡም ባይመጡም ግድ የለም። ሶፋው ከቦታው አይነሳ።

ሱቅ ስትገቡ ሻጩ ፍንዳታ ያለበትን ፊልም ይከፍትላችኋል፤ ፍንዳታ ደግሞ በማንኛውም ሳጥን ፍንዳታ ነው። እናንተ የራሳችሁን ይዛችሁ ሂዱ። አንድ ገጣሚ የራሱን ግጥም ሲያነብ የተቀዳ ይሁን፤ በገና ያለበትም ቢሆን መልካም ነው፤ የበገና ክር ከተፈጥሮው ይነዝራልና ንዝረቱ የበገናው ይሁን የሳጥኑ ካልለየላችሁ ሳጥኑን ለባለቤቱ ተዉለት። ከዚያ ሻጩ «እዚህ ጋ ቁሙ» ከሚላችሁ መሐል ቦታ ፈቀቅ በሉ። በሩ አጠገብ ሂዱና ጀርባችሁን ለግድግዳው ሰጥታችሁ፣ ድምፁን አስቀንሳችሁ፣ «መጣ» ይሁን «መታ» ያለው አዳምጡ።