ትልቁ ቤት ይዋለድ

ከክፍለ ሀገር ዘመድ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ የት የት እንደሚወሰድ ድሮ የታወቀ ነበር፤ እንጦጦ፣ ቅድስት ሥላሴ፣ አምስት ኪሎ ሙዚየም ሉሲን ለማየት፣ ከዚያ መርካቶ ለግዢ። አሁን አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተጨምሯል። ባለፈው ክረምት ከደብረ ማርቆስ የመጣችው የእህቴ ልጅ ሻንጣዋን እንኳ ሳታስቀምጥ «እቴቴ፣ አብርሆት መቼ ነው የምትወስጂኝ?» ብላ ያዘችኝ። አማርኛ ሳስተምር የኖርኩ ሰው ነኝና ቤተ መጻሕፍት ለማየት የሚቸኩል ልጅ ሳይ ደስ ይለኛል። ቅሬታዬ ከዚያ ቀጥሎ በሚመጣው ላይ ነው።

መጀመሪያ ለሕንፃው የሚገባውን ምስጋና ልስጥ። አብርሆት ያለው አራት ኪሎ፣ ከፓርላማው ፊት ለፊት ነው። ለቤተ መጻሕፍት ከዚያ የተሻለ ሰፈር አይገኝም። በ1914 ዓ.ም. የተመሠረተው ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ጎረቤቱ ነው፤ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የሳይንስ ፋኩልቲ ግቢም ቅርብ ነው። በ2014 ዓ.ም. ሲመረቅ እንደተነገረው 1.1 ቢሊዮን ብር ወጥቶበታል፤ 19,000 ካሬ ሜትር ላይ አርፏል፤ በአንድ ጊዜ ከ2,000 በላይ አንባቢ ያስተናግዳል። ያን ጊዜ «ይህ ሁሉ ገንዘብ ለምን?» ያሉ ነበሩ። እኔ ከእነሱ ወገን አልነበርኩም። ሆቴልና ሞል ብቻ የሚያሳይ ከተማ ለልጆቹ ምን እያላቸው እንደሆነ ግልጽ ነው።

ቅዳሜ ጠዋት ከልጅቷ ጋር ገባን። ጎብኚው ደረጃው ላይ ፎቶ ይነሣል፤ አንባቢው ወንበር ይጠብቃል። ሰው የሌለበት ወንበር ላይ ቦርሳ አለ፣ ቦርሳ የሌለበት ላይ ጃኬት፣ ጃኬት የሌለበት ጠረጴዛ ላይ በግማሽ የተጠጣ ሃይላንድ። የተዘረጋው ወረቀት በአብዛኛው ከቤት የመጣ ነው፤ ሃንድአውት፣ የድሮ ፈተና ፎቶኮፒ፣ ሽፋኑ የተላጠ ደብተር። አጠገባችን የተቀመጠች ተማሪ አንድ የኬሚስትሪ ጥያቄ ላይ በእርሳስ ትመርጣለች፣ በላጲስ ታጠፋለች፣ ደግማ ትመርጣለች፤ ወረቀቱ እዚያች ቦታ ላይ ሳስቶ ሊበሳ ደርሷል።

ይህን አይተው የሚያፌዙ አሉ። «መጽሐፉን ማን ነካው? ሃንድአውት ሊሸመድዱ ነው የሚመጡት» ይላሉ። የእነዚህን ልጆች ቤት ስለማያውቁ ነው። እኔ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፤ የማስተምረውም እዚያው አካባቢ ነው። ስቱዲዮ ቤት ውስጥ ስድስት ሆነው የሚኖሩ ተማሪዎች አሉኝ። ቴሌቪዥኑ ሲጠፋ ሕፃኑ ይነሣል፤ ሕፃኑ ሲተኛ መብራት ይሄዳል። እንዲህ ላለ ልጅ ወንበር፣ አምፖልና ዝምታ ከመጽሐፉ የማይተናነሱ ሀብቶች ናቸው። አብርሆት ከተመረቀበት ከ2014 የትምህርት ዘመን የ12ኛ ክፍል ተፈታኞች መካከል ግማሽና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። ስለ አስተማሪው፣ ስለ ኩረጃው፣ ስለ ሥርዓተ ትምህርቱ ብዙ ተባለ። ልጆቹ የት ቁጭ ብለው ያጥኑ ያለ ግን አልሰማሁም።

ያቺን የኬሚስትሪ ተማሪ ከየት እንደምትመጣ ጠየቅኳት። «ከጀሞ። ሜክሲኮ ወርጄ ሌላ ታክሲ እይዛለሁ» አለችኝ። ማታ የታክሲ ሰልፉ ስለሚረዝም ከቤተ መጻሕፍቱ ገና በጊዜ ትወጣለች። ይህች እንግዲህ ብርቱዋ ናት፤ ለታክሲ የሚሰጣት ቤተሰብም አላት። ከእኔ ተማሪዎች ብዙዎቹ አብርሆትን የሚያውቁት በቴሌቪዥን ነው። ነገሩ እንደ ቧንቧ ውሃ ነው፤ የገፈርሳ ግድብ ጢም ብሎ ቢሞላም፣ ሰፈር ውስጥ ቦኖ ከሌለ እንስራው ባዶውን ነው የሚያድረው።

ስለዚህ የምለው አጭር ነው፤ ትልቁ ቤት ትንንሽ ቤቶች ይውለድ።

ይህ የእኔ ፈጠራ አይደለም። የኒውዮርኩን ቤተ መጻሕፍት በፊልም ያላየ የለም፤ በሩ ላይ ሁለት የእብነ በረድ አንበሶች የተኙበት፣ በ1911 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ሕንፃ ነው። የዓለም ቱሪስት ይጎርፍለታል። መጽሐፍ ግን አያውስም፤ የምርምር ቤት ነው፣ የሚነበበው እዚያው ነው። የሠፈሩን ሰው መጽሐፍ አስይዞ ወደ ቤቱ የሚሰደው በየመንደሩ ያለው ቅርንጫፍ ነው፤ ዛሬ ከ80 በላይ ናቸው። ያ ሕንፃ ገና ሳይጠናቀቅ፣ በ1901 እ.ኤ.አ.፣ የብረት ከበርቴው አንድሩ ካርኔጊ 5.2 ሚሊዮን ዶላር ለከተማዋ ሰጠ፤ ገንዘቡ ግን ለየሰፈሩ ቅርንጫፎች ማሠሪያ ነበር። ሁለት ነገርም ግዴታ አደረገ፤ መሬቱን ከተማው ይስጥ፣ ቤቶቹንም ከተማው በየዓመቱ በጀት መድቦ ያስተዳድር። ሰውየው ነጋዴ ነበርና ግድግዳ ማቆም ቀላሉ ሥራ መሆኑን ያውቃል።

በእኛም አገር ተሞክሯል። ዮሐንስ ገብረ ጊዮርጊስ ሳን ፍራንሲስኮ ውስጥ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ ነበር። ለኢትዮጵያ ልጆች በአማርኛ የተጻፈ መጽሐፍ ቢፈልግ አጣ፤ አገሩ ተመልሶ በ1995 ዓ.ም. ሾላ ላይ የሕፃናት ቤተ መጻሕፍት ከፈተ። ሐዋሳ ላይ ደግሞ አህያ የሚጎትተው ጋሪ መጽሐፍ ጭኖ ልጆቹ ወዳሉበት ይሄድ ነበር። ያን ለማድረግ ቢሊዮን አላስፈለገውም።

ቦታ የለም የሚለኝ ሰው ወደ ኮንዶሚኒየም ይምጣ። በየሳይቱ ኮሚናል የምንለው የጋራ ቤት አለ፤ በግ የሚታረድበት፣ ልቅሶ የሚቀመጡበት። በዓል ካልሆነ ወይ ሰው ካልሞተ ብዙውን ጊዜ የተቆለፈ ነው። ከእሱ አንድ ክፍል፣ ሃያ ወንበር፣ ሁለት መደርደሪያ ይበቃል። አብርሆት ከተከፈተ በኋላ በየቦታው መጽሐፍ ሲሰበሰብ አይተናል፤ ሕዝቡ ሲጠየቅ ይሰጣል። ከተሰበሰበው የተደጋገመው ቅጂ አራት ኪሎ ከሚከማች ወደየወረዳው ይውረድ።

ሁለት ነገር ግን ካልተያዘ ነገሩ ሁሉ ከንቱ ነው። አንደኛው ሰዓት ነው። በሰፈራችን ባለ የወጣት ማዕከል ውስጥ «ቤተ መጻሕፍት» የሚል ታፔላ የተለጠፈበት ክፍል አለ። የሚከፈተው በሥራ ሰዓት ነው፤ ተማሪው ትምህርት ቤት እያለ ክፍት፣ ተማሪው ሲለቀቅ ዝግ። ጎኑ ያለው ፑል ቤት እስከ ማታ ይሠራል። ሁለተኛው ሰው ነው። በሌላ ሥራ ያልተፈለገ ሠራተኛ ቁልፍ ይዞ እንዲቀመጥ ከተመደበ ያ ክፍል መጋዘን ነው። መጽሐፍ የሚወድ፣ «ይህን ጨረስሽ? ይኼኛውን ያዢ» የሚል ሰው በደመወዝ መቀጠር አለበት።

ማዋስ ሲነሣ ሁልጊዜ የምሰማው መልስ «ይጠፋል» የሚል ነው። አዎ፣ ይጠፋል። እኔ ክፍሌ ውስጥ በካርቶን መጽሐፍ አስቀምጣለሁ፤ ልጆቹ በአንድ ደብተር ላይ ስማቸውን ጽፈው ይወስዳሉ። ያልተመለሰ አለ፤ ወጥ የፈሰሰበት አለ። አንዱ ልጅ ሽፋኑ የተገነጠለ ልቦለድ መልሶ «ቲቸር፣ አባቴም አነበበው» ሲለኝ ግን ስለ ሽፋኑ አልተቆጣሁም። ሰፈር ውስጥ የዞረ አንድ መጽሐፍ ቁልፍ ያለበት መደርደሪያ ላይ አዲስ ሆኖ ከሚያረጅ መቶ መጽሐፍ ይሻላል።

አብርሆትን መጎብኘት ይቀጥል፤ ዘመዶቻችንን እንውሰድ፣ ፎቶውም ይነሣ። የከተማው ምክር ቤት በጀት ሲያጸድቅ ግን የወረዳ ቤተ መጻሕፍት የሚል መስመር ውስጡ እንዳለ እንጠይቅ፤ ለግንባታ ብቻ ሳይሆን ለደመወዝ፣ ለመጽሐፍ መግዣና ለማታ መብራት። ለአንድ ሕንፃ ቢሊዮን ያላጣ ከተማ ለየወረዳው አንድ መጽሐፍ ወዳድ መቅጠር አያቅተውም።