የባንክ ብር ሲወሰድ ፎቶ፣ የኔ ሲወሰድ ደብዳቤ!

አሥራ አራት ሺህ ብሬን ተበልቻለሁ። "ተሞኝተሃል" የምትሉኝ አንባቢያን ልክ ናችሁ፤ አልከራከርም። ግን እስቲ ስሙኝ።

እህቴ ልብስ እየሰፋች ልጆቿን ልታሳድግ ስትነሳ የስፌት መኪና ልገዛላት ቃል ገባሁ። የመርካቶው ዋጋ አልቀመስ ቢለኝ ቴሌግራም ላይ ፍለጋ ገባሁ። አንዱ ቻናል ላይ "ትንሽ ያገለገለ፣ 28 ሺህ ብር" የሚል አየሁና ደወልኩ። ትሁት ልጅ ነው። "ጋሼ፣ ሌላ ሰው እየጠየቀኝ ነው፤ ግማሹን ካስገቡልኝ ለርስዎ አስቀምጠዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ቤትዎ ድረስ አመጣለሁ" አለኝ። በስልኬ አስተላለፍኩለት። "ደርሶኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ" ብሎም አመሰገነኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ስልኩ ዝግ፣ እኔም ከቻናሉ የተባረርኩ ሆንኩ።

እየሮጥኩ ባንክ ሄድኩ (የባንኬ ስም ይቆየኝ)። ብሩ የገባው እዚያው ባንክ ባለ ሒሳብ ነው፤ የባለሒሳቡ ስምም ደረሰኜ ላይ አለ። ልጅቷ አዘነችልኝ። "ምን ላድርግ ጋሼ፣ ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የደንበኛ ሒሳብ መንካት አንችልም። ፖሊስ ጣቢያ ያመልክቱ።" ብሩ ይኑር አይኑር እንኳ ልትነግረኝ አልተፈቀደላትም። ጣቢያ ስሄድ "የሰውየው አድራሻ የት ነው?" ተባልኩ። ባንኩ ያውቀዋል አልኩ። "እንግዲያው ከባንኩ ያምጡ።" ባንኩ ደግሞ፦ "ፖሊስ በደብዳቤ ይጠይቀን።" ደብዳቤው ተጽፎ፣ ማህተም አርፎበት፣ ትእዛዙ ወጥቶ እስኪደርስ ዘጠኝ ቀን ሄደ። ሒሳቡ ውስጥ የተገኘው 63 ብር ነው።

ሕግ የለም እንዳይባል፣ አለ። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 እንዲህ ያለውን ማታለል በእስራት ያስቀጣል። ታዲያ ሌባው በሴኮንድ ሲሮጥ አዋጁ በፖስታ ይሄዳል።

አቅም የለም እንዳይባል ደግሞ መጋቢት 2016 ዓ.ም. ትዝ ይለናል። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ (የኔው ባንክ እሱ አይደለም) ሲስተሙ ሲሳት ደንበኞች፣ በተለይ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ የሌላቸውን ብር በአንድ ሌሊት አወጡ። ባንኩ የተወሰደብኝ 801 ሚሊዮን ብር ገደማ ነው አለ። ማን ስንት እንደወሰደ አንድ በአንድ ለየ፤ መልሱ አለ፤ ያልመለሱትን ስማቸውንና ፎቷቸውን ለጠፈ። አብዛኛው ብርም ተመለሰ። ገንዘቡ የአስቀማጩ ነውና ማስመለሱ ደግ ነው። ግን የኔን ብር የበላው ሰው ሒሳብ ሲከፍት ፎቶ አልሰጠም? መታወቂያ አላሳየም?

የማንንም ፎቶ ለጥፉልኝ አላልኩም፤ ሳይፈረድበት ሰው አደባባይ ማውጣት ለባንክም ቢሆን ነውር ነው። ካሱኝም አላልኩም። የምለው፣ ሰው ደረሰኙን ይዞ በዚያው ቀን ሲያመለክት የተካካዱበት ብር ብቻ፣ ሒሳቡ በሙሉ ሳይሆን፣ ለሦስት ቀን ይያዝ፤ ፖሊሱም ፍርድ ቤቱም በነዚህ ቀናት ይወስን። "ተንኮለኛ በሐሰት አመልክቶ ንጹሕ ነጋዴ ቢያሳግድስ?" ትሉኝ ይሆናል። ሊያደርገው ይችላል። ማመልከቻው ላይ ስሙንና ፊርማውን ያኑር፣ ዋሽቶ ከተገኘ እሱ ይጠየቅ። አሁን የሚጠየቅ ማን አለ?

መልእክቶቹን አላጠፋኋቸውም፣ ደረሰኙንም ከነቁጥሩ አሳትሜ ይዣለሁ፤ መዝገቡ ተከፍቷልና አሁንም እመላለሳለሁ።

ትናንት በእህቴ ስልክ ቻናሉን ከፍቼ አየሁት። ያቺው መኪና፣ በዚያው ፎቶ፣ አሁንም ለሽያጭ ቀርባለች። ዋጋዋ በሁለት ሺህ ብር ቀንሷል።