ለትምህርት የተገዛው ላፕቶፕ

ወላጆች ሆይ! በብዙ ድካም ተገዝቶ ለደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የተሰጠው ላፕቶፕ ለጽሕፈትና ለጥናት እንጂ ለከባድ ቪዲዮ ጌም የተሠራ አይደለም። ለጌም የሚሠራው ላፕቶፕ ሥዕልን ብቻ የሚያቀናብር ክፍልና የራሱ ማኅደረ ትውስታ አለው፤ ተራው ግን ለሥዕሉም ለሌላውም ሥራ በአንዱ ራም ይጠቀማል። ስለዚህ ጨዋታው ሲከብድበት ይግላል፤ ጉዳት እንዳይደርስበትም ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል።

ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍ ባለችው ደብረ ታቦር ቅዝቃዜው ባገዘው ነበር፤ ነገር ግን ልጁ ጋቢ ለብሶ በጭኑ ላይ ሲያኖረው የአየር መግቢያው ይደፈናል። እንግዲህ በጠረጴዛ ላይ ይቀመጥ፤ የሥዕሉ ጥራት ዝቅ ይበል፤ ቀላል የሆነ የቀድሞ ጨዋታ ይመረጥ፤ ሰዓቱም ይወሰን። ጨዋታን ፈጽሞ ከመከልከል ይልቅ ይህን አያያዝ ማስተማር ይሻላል፤ ሁለተኛ ላፕቶፕ ለመግዛት የሚችል ቤት ጥቂት ነውና።